ለጎንደር ወጣቶች የፖለቲካ ውይይት ክበብ፦ የስምንት ቅዳሜ ዕቅድ፣ ተቹልኝ

ጠመኔ
ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ፒያሳና ማራኪ አካባቢ ላሉ ከ17 እስከ 24 ዓመት ለሆኑ ልጆች የተዘጋጀ የውይይት ክበብ ዕቅድ ነው። የማንንም አቋም ለማስቀየር አይደለም። ልጆቹ የመረጃ እጥረት የለባቸውም፤ የተገለበጠው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ወገን ይያዛል፣ ከዚያ ለተያዘው ወገን የሚስማማ ቪዲዮ ይጎርፋል፣ ጥያቄ ከተነሳም የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ክበቡ ከጥያቄው ይጀምር ነው ነገሩ።

ከ8 እስከ 12 ሰው። ከዚያ ካለፈ ውይይት መሆኑ ይቀርና ሁለት ሰው የሚናገርበት ስብሰባ ይሆናል። ጊዜው 90 ደቂቃ። ስልክ ሲገባ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚወጣው በማጣሪያው ሰዓት ብቻ ነው። እያንዳንዱ በሳምንቱ ካየው አንድ ነገር መርጦ በእጁ ጽፎ ያመጣል፦ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ። «መቼ» የሌለበት ወረቀት ለባለቤቱ ይመለሳል።

የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ወረቀቶቹን ለሁለት መክፈያ ነው። «የነዳጅ ዋጋ ጨምሯል» ይጣራል። «መንግሥት ነዳጅ መደጎም አለበት» አይጣራም፣ ይከራከሩበታል። ብዙው ጭቅጭቅ የሚመጣው ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተሰፍተው ስለሚቀርቡ ነው፤ መቀሱን መጀመሪያ እዚያ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ሦስት ሦስት ሆነው ለ30 ደቂቃ የመጀመሪያውን ምንጭ ይፈልጋሉ። የቀረው ለክርክር ነው። መዝጊያው ከአራቱ አንዱ ነው፦ እውነት፣ ሐሰት፣ የተቀላቀለ፣ ገና ያልታወቀ። አራተኛው እንደ ሽንፈት እንዳይቆጠር አወያዩ በመጀመሪያው ቅዳሜ ራሱ አንዱን «ገና ያልታወቀ» ብሎ ይዝጋ።

የሚፋጅ ርዕስ እስከ ሦስተኛው ቅዳሜ አይነሳም። የታሪፍ፣ የፈተና፣ የዋጋ ወሬ ይበቃል። የት ላይ ነው የሚፈርሰው?

አንገረብ_ማዶ
ቅርጫቱን ወድጄዋለሁ። የጎደለው ልጆቹ እያንዳንዱ መተግበሪያ ያንን ነገር ለምን እንደሚያመጣላቸው ማወቃቸው ነው። «አልጎሪዝም (መተግበሪያው የሚያሳየንን የሚመርጥበት ስሌት) ነው» ብሎ ማለፍ «ሰይጣን አሳሳተኝ» እንደማለት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም።

ቲክቶክ በዋናነት የሚቆጥረው ምን ያህል ሰከንድ እንደቆየህ ነው። እየተሳደብክ ብታየውም፣ «ይህን ጅል እየው» ብለህ ለጓደኛህ ብትልከውም ለእሱ ያው ነው። ስለዚህ ተቃራኒውን ወገን «ለመታዘብ» የሚያይ ልጅ ከዚያ ወገን የሚደርሰው የባሰበት ተሳዳቢው ነው፤ ረጋ ብሎ የሚያስረዳው ሰውዬ አይደርሰውም። ቪዲዮውን ተጭኖ ይዞ «ኖት ኢንተረስትድ» ማለት ይረዳል። ጨርሶ ከተበላሸ ሴቲንግ ውስጥ «ኮንቴንት ፕሪፈረንስ» ተብሎ ፎር ዩውን (መተግበሪያው ራሱ መርጦ የሚያመጣውን ገጽ) ከዜሮ ማስጀመር ይቻላል። ላይቩ ደግሞ ራሱን የቻለ ገበያ ነው። በሁለት ሰዎች «ማች» (የላይቭ ውድድር) ላይ ነጥብ የሚሆነው የተላከው ስጦታ ነው። እዚያ መሀል «እስቲ ሁለታችሁም ቆይ» የሚል ሰው ምን ያገኛል? ምንም።

ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮው 8 ደቂቃ ካልሞላ መሀሉ ላይ ማስታወቂያ አይገባበትም። የአንድ አንቀጽ ዜና ለምን 11 ደቂቃ እንደምትፈጅ፣ «ሰበር» ያለው ሰውዬ ለምን ሰበሩን እስከ መጨረሻው እንደማይናገር ከዚህ ይገባችኋል። በዚያ ላይ የማስታወቂያ ክፍያው በተመልካቹ አገር ይለያያል። ዋሽንግተን ተቀምጦ የሚያየው አዘዞ ተቀምጦ ከሚያየው በጣም ይበልጥ ያስገኛል። ስለ ጎንደር የሚወራው ሁሉ ለጎንደር ሰው ተብሎ የተቀቀለ አይደለም።

ፌስቡክ በ2017 እ.ኤ.አ. የ«ተናደድኩ»ን ምልክት ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ መቁጠር ጀምሮ ነበር፤ በ2020 ወደ ዜሮ አወረደው። አሠራሩ ቢለወጥም በእነዚያ ዓመታት በቁጣ መጻፍ የለመዱ ገጾች ልማዳቸው አብሯቸው አለ። ገጽ ስታዩ «ፔጅ ትራንስፓረንሲ» ግቡ፦ መቼ ተከፈተ፣ ስሙ ስንቴ ተቀየረ፣ አስተዳዳሪዎቹ ከየት አገር ናቸው። የምግብ አሠራር ወይም የኳስ ገጽ ሆኖ ተከታይ ሰብስቦ ስሙን ቀይሮ ፖለቲካ የጀመረ ካገኛችሁ ተጠንቀቁ፤ ተከታዩ በእምነት የመጣ አይደለም።

ቴሌግራም ቻናል በጊዜ ቅደም ተከተል ነው የሚመጣው፤ መራጩ አድሚኑ ነው። አደጋው ሌላ ነው። ትናንት የለጠፈውን ዛሬ ቢቀይረው «ኤዲትድ» የምትል ደቃቅ ጽሑፍ ትቀራለች እንጂ ምን እንደነበረ አይታይም። ለማጣራት የሚመጣ ነገር ከነቀኑና ከነሰዓቱ ስክሪንሾት ይደረግ። ፎርዋርድ ከሆነ ከላይ የመጀመሪያው ቻናል ስም ስላለ ተጫኑት። ኮፒ ፔስት ከሆነ ከጽሑፉ አንድ ለየት ያለ ሐረግ ቀድታችሁ ፈልጉ፤ የፊደል ስሕተት ያለበት ሐረግ ቢሆን ይመረጣል። አምስት ቻናል ላይ ያው ስሕተት ካለ አምስት ምንጭ አላገኛችሁም፣ አንድ ምንጭ አምስት ቦታ ነው ያገኛችሁት።

ብርሌ
ጃንተከል ዋርካ ሥር አድርጉት እኔ ቡና እገዛለሁ። 😄 በጥንቱ ጎንደር አዋጅ በአደባባይ ነበር፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» የፎርዋርድ ቁልፍ መጀመሪያ የተሠራው እኛው ጋ ነው።

ጠመኔ
@ብርሌ ቡናውን ተቀብለናል፣ ዋርካውን ግን አይደለም። ክፍት ቦታ ላይ ሦስት ሰው ከኋላ ቆሞ ካዳመጠ ልጆቹ ለጓዶቻቸው መናገር ትተው ለቆመው ሰው ይናገራሉ። በር የሚዘጋ ክፍል፣ ቪዲዮ አይቀረጽም፣ የተናጋሪ ስም አይመዘገብም።

ዳታ_ቆጣቢ
30 ደቂቃው ላይ ነው የሚፈርሰው። ብዙ ልጆች የሚገዙት ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሚሠራ ጥቅል ነው። በእሱ ቲክቶኩ ይከፈታል፣ ዜናው የተጠቀሰበት ድረ ገጽ ግን አይከፈትም። ልጁ «አላጣራም» ስላለ ሳይሆን በኪሱ ያለው ዳታ ወሬውን ከፍቶ ምንጩን ስለሚዘጋበት ነው። ይህን ሳታስተካክሉ ስለ ማጣራት ማስተማር እግር አስሮ ሩጥ ማለት ነው።

በየሦስቱ ሰው አንድ መደበኛ ዳታ ያለው ስልክ ይኑር። 200 ሜጋ ለአንድ ቡድን ለአንድ ቅዳሜ ይተርፋል፣ ቪዲዮ ካልተከፈተ። 10 ደቂቃ ቪዲዮ በ480 ጥራት ከ50 እስከ 80 ሜጋ ይበላል፤ ስለዚህ የቪዲዮ ማጣራት ካለ ቀድሞ በዋይፋይ ይውረድ። የሕገ መንግሥቱና የአዋጆቹ ፒዲኤፍ አንዴ ወርዶ በፍላሽ ወይም በብሉቱዝ ይዳረስ።

ሌላው፣ ኔትወርክ የሌለበት ቅዳሜም ይታሰብበት። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥና ለወራት ሲቆይ ወሬው አልቆመም፤ ወደ ስልክ ጥሪና ወደ ታክሲ ተዛወረ። በዚያ ጊዜ የሚሠራው ማጣሪያ አንድ ነው፦ «አይተህ ነው ሰምተህ? ከሰማህ ከማን?» ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ተሂዶ ያየ ሰው ካልተገኘ ወረቀቱ ላይ «ወሬ» ተብሎ ይጻፋል። ይህንንም አንድ ቅዳሜ ያለ ስልክ ተለማመዱት።

ሌንስ
ስለ ፎቶ። ጉግል ሌንስ (በፎቶ የሚፈለግበት መተግበሪያ) ላይ አስገብቶ የድሮ ቅጂ መፈለግ የመጀመሪያው ነው፣ 1 ደቂቃ አይፈጅም። ቪዲዮ ከሆነ ሦስት ቦታ ላይ አቁማችሁ ስክሪንሾት አንሱና እሱን አስገቡ፤ መጀመሪያው ላይ ብዙ ጊዜ የተለጠፈ ጽሑፍ ስላለ ፍለጋውን ያበላሻል፣ ከመሀል ጀምሩ። ፊቱ ጎልቶ የሚታይ ክፈፍ ሳይሆን ሕንፃና ተራራ ያለበት ክፈፍ ምረጡ።

ሌንስ ምንም ካላመጣ ዓይናችሁን ተጠቀሙ። የጎንደር ልጅ ለዚህ የተፈጠረ ነው። «ነሐሴ ላይ የተነሳ» የተባለ ፎቶ ሣሩ ደርቆ ቢጫ ከሆነ ነሐሴ አይደለም። አደይ አበባ ካለ መስከረም አካባቢ ነው። የታርጋው ቁጥር አጠገብ የክልል ፊደል ካለ እዩት፤ «አማ» ይላል ወይስ ሌላ? የሱቅ ማስታወቂያው በምን ቋንቋ ነው? የሕዝብ ብዛት ፎቶ ሲመጣ ደግሞ በመጀመሪያ ጥምቀትን ጠርጥሩ። ለየትኛውም ሰልፍ ለማዋል የጥር 11 ፎቶን የሚያህል ምቹ የለም። ነጭ በነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ጥላ፣ ከበስተኋላ የፋሲለደስ መዋኛ ግንብ ከታየ ነገሩ አለቀ።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ግን ቀኑ ላይ ነው። «2012» የሚል ስክሪንሾት በእኛ ነው በፈረንጅ? ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። የፈረንጅ 2012 ዜና እንደ እኛ 2012 ሆኖ ሲነበብ ሐሰት ሳይጨመርበት ሐሰት ይሆናል። ሰዓትም እንዲሁ፦ በስልኩ 9:00 ጠዋት የእኛ 3 ሰዓት ነው፤ «ከመግለጫው በፊት ለጥፎታል» የሚል ክስ በ6 ሰዓት ልዩነት ብቻ የሚፈርስበት ጊዜ አለ።

ድምፅ ላይ አጭር ልበል፦ በሰው ሠራሽ ብልሃት የማንንም ድምፅ መሥራት ስለሚቻል ቮይስ ብቻውን «ገና ያልታወቀ» ነው። አለቀ።

ጥሬ_ቁጥር
ለመጀመሪያው ቅዳሜ ርዕስ እኔ ልስጥህ፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም አቋም አለው፣ ማንም አይደባደብበትም (ብዙም)።

በ2014 ተፈታኞች ዘንድ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። የ2015ቱ 3.2፣ የ2016ቱ 5.4። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጻፍና ለአንዱ ቡድን «መንግሥትን የሚያመሰግን ርዕስ አውጡ»፣ ለሌላው «መንግሥትን የሚወቅስ ርዕስ አውጡ» በላቸው። ሐሰት መጻፍ ክልክል ነው። የመጀመሪያዎቹ ከ3.2 ወደ 5.4 ያለውን «በአንድ ዓመት ወደ 69 በመቶ ዕድገት» ይሉታል፤ ሒሳቡ ልክ ነው። ሁለተኛዎቹ «2.2 ነጥብ ብቻ፣ ከ100 ተፈታኝ 94ቱ በ2016ም አላለፉም» ይሉታል፤ ይህም ልክ ነው። ልጁ ያን ጊዜ ሐሰተኛ ዜና የማይጻፍበት ውሸት እንዳለ በዓይኑ ያያል።

ከዚያ ሦስት ጥያቄ። ከስንቱ ነው 3.3? (ከተፈተኑት እንጂ ከክፍሉ ዕድሜ ልጆች ሁሉ አይደለም።) ከምን ጋር ነው የሚነጻጸረው? እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ወፍራሙ ስሕተት ያለው እዚህ ነው። ከዚያ በፊት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ የሚወሰንና በዘርፍና በፆታ የሚለያይ ነበር፤ 50 በመቶ የሚባል ቋሚ መስመር አልነበረም። ስለዚህ «ድሮ ይህን ያህል ያልፍ ነበር፣ አሁን 3.3 ወረደ» የሚለው ሁለት የተለያየ ዘንግ ለክቶ ቁመት ማነጻጸር ነው። ሦስተኛው፣ ሌላ ምን አብሮ ተቀየረ? ከ2014ቱ ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይሰጥ ጀመር። ኩረጃ ቀርቶ ነው ወይስ ትምህርቱ ወድቆ? ቁጥሩ ብቻውን አይለይም። እዚህ ጋ «ገና ያልታወቀ» በክብር ይገባል።

ነጋሪት
የሚፋጀውን ርዕስ የምታነሱ ዕለት ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። ምሳሌ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39፣ የመገንጠል መብት ያለበት። በየላይቩ ይጮኹበታል። ጽሑፉን ግን ያነበበው ጥቂት ነው። ሁሉም እጁ ላይ አንድ አንድ ቅጂ ይኑርና አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ንዑስ አንቀጽ 4ን ያንብብ። የመገንጠል ጥያቄ በብሔሩ የሕግ አውጪ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መደገፍ አለበት፤ የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔው በደረሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ በሕዝበ ውሳኔው በአብላጫ መደገፍ አለበት፤ ከዚያ የሥልጣን ርክክብና የንብረት ክፍፍል ይመጣል። ንባቡ 5 ደቂቃ ነው። «በማንኛውም ቀን ተነስቶ መሄድ ይቻላል» የሚለውም፣ «በወረቀት ላይ ምንም የለም» የሚለውም ያኔ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ አንቀጹ ይቅር ወይስ ይቆይ የሚለው የልጆቹ ክርክር ነው፣ እኛ አንገባበትም። ይቀየር ቢባል በየትኛው መንገድ እንደሆነ አንቀጽ 105 ላይ ስላለ አስከትሉት፤ «ለምን በአንድ ስብሰባ አያነሱትም» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

«አዋጅ ወጣ» ለሚል ወሬ ማጣሪያው ቁጥር ነው። የፌዴራል አዋጅ ቁጥርና ዓመተ ምሕረት አለው፣ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ (ሕጎች በይፋ በሚታተሙበት) ይወጣል። ቁጥር የሌለው «አዋጅ» ረቂቅ ሊሆን ይችላል፣ መግለጫ ሊሆን ይችላል፣ ምንም ላይሆንም ይችላል። በረቂቅና በጸደቀ መሀል ያለው ልዩነት ግማሹን ድንጋጤ ይቀንሳል። የደብዳቤ ፎቶ ሲመጣ ደግሞ ቀን፣ ቁጥር፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ግልባጭ። አንዱ በጣት ወይም በጥላ ከተሸፈነ ለምን ተሸፈነ ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ለልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ይነገር። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ያስቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። «እውነት መስሎኝ ነው» ሁልጊዜ አያድንም፤ ሐሰት መሆኑን ማወቅ ይገባው የነበረ ሰውም ይጠየቃል። ትርጓሜው ሰፊ ነው የሚል ትችት አለበት፤ ትችቱም ራሱ ጥሩ የክርክር ርዕስ ነው። እስከዚያው ግን ክበቡ የሚያጣራውን ነገር በክበቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳታዞሩት፤ «ይህ እውነት ነው?» ብሎ መለጠፍም ማሰራጨት ሊባል ይችላል። ወረቀት ላይ ይቅር።

ወለተ_ቀሃ
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ እኔ ግን ከሥሩ አልስማማም። ስምንት ቅዳሜ ሙሉ ውሸት ስታስለቅሙት የከረመ ልጅ ዘጠነኛው ላይ «ሁሉም ይዋሻል» ብሎ ነው የሚወጣው። እንዲህ ያለው ልጅ ብልህ አይምሰላችሁ። ማንንም የማያምን ሰው መጨረሻ ላይ የሚያምነው ሰፈሩን ወይም በጣም የጮኸውን ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ተብሏል፣ አዎ፣ ግን ሲጠረጥር የዋለም ቤቱ አይገባም።

ደግሞም አቋም ከመረጃ ብቻ አይመጣም። ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ፣ ማንን መቃወም እንደማይችል፣ ምን ቢል ከግሩፑ እንደሚባረር፣ ከዚያ ነው። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደጋጋሚ የታየ ነገር አለ፦ ሰው ደጋግሞ የሰማውን ነገር እውነት ነው ወደማለት ያዘነብላል። በቀን አስር ጊዜ የሚደጋግምለት ደግሞ ሁልጊዜ ስልኩ አይደለም፤ አንዳንዴ የገዛ አጎቱ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ጨምሩበት።

አንደኛ፣ በየሳምንቱ እያንዳንዱ ልጅ ከማይወደው ምንጭ አንድ እውነት ይዞ ይምጣ። ምንጭ የሚለካው አንዴ በመሳሳቱ አይደለም፤ ሲሳሳት እርማት ያወጣል ወይስ ዝም ብሎ ያጠፋል ነው። መረጃ አጣሪዎቹ ኢትዮጵያ ቼክና ሃቅቼክ ድምዳሜያቸውን ከነመንገዱ ስለሚያሳዩ ልጆቹ መንገዱን ይቅዱ፣ ድምዳሜውን ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በክርክሩ ሰዓት ማንም የራሱን ሐሳብ ከመናገሩ በፊት የሌላውን ይድገም፣ ባለቤቱም «አዎ፣ እሱ ነው ያልኩት» ይበል። «አይደለም» ካለ እንደገና። መጀመሪያ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ይወድቃል፣ ሰዓቱን ይበላል፣ ይብላ። ለክርክሩ ከተመደበው 45 ደቂቃ 25ቱ ለዚህ ቢሄድ አልከሰራችሁም።

ሦስተኛ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ እያንዳንዱ በፖስታ ውስጥ ሁለት መስመር ጽፎ ያሽግ፦ «ስለዚህ ጉዳይ አቋሜ ይህ ነው፤ ይህን ይህን ባይ እቀይረዋለሁ»። ስምንተኛው ላይ ራሱ ይከፍተዋል፣ ለማንም አያሳይም። ሁለተኛው መስመር ባዶ የሆነበት ልጅ አቋም የለውም፣ ወገን ነው ያለው፤ ያንን እሱ ራሱ ይወቀው።

አዘዞ_መንገድ
@ወለተ_ቀሃ እህቴ አጎት ያልሽው ነው ዋናው። ታላቅን «ተሳስተዋል» ማለት በእኛ አገር አይሆንም። ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለሚመጣው ምን ይበል ልጁ?

ወለተ_ቀሃ
በአደባባይ አያርም፣ ለብቻ ይጻፍላቸው። «ጋሼ እንደምን ዋሉ፣ ያቺን የላኩልንን ለጓደኞቼ ላሳያቸው ነበር፣ ከየት እንዳገኟት ቢነግሩኝ?» ይህ ክስ አይደለም፣ ግን ጥያቄው ያው «ከማን ሰሙ» ነው። ምንጩ ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ ብዙ ጊዜ እሳቸው ራሳቸው ያነሱታል። «ውሸት ነው» የሚል ሊንክ በሰው ፊት ከተላከ ግን በልጅ ላለመረታት ብለው ሦስት እጥፍ ይልኩበታል።

አንገረብ_ማዶ
ጥርጣሬው ላይ እስማማለሁ። አንድ ማሻሻያ፦ ልጆቹ ገጹን ውስጥ ገብተው ሲመረምሩ እንዳይውሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 45 ሰዎች ድረ ገጽ እንዲመዝኑ ተደርጎ ነበር፦ 10 የታሪክ ምሁራን፣ 10 መረጃ አጣሪዎች፣ 25 ተማሪዎች። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹ ላይ ተቀምጠው ዲዛይኑንና አርማውን ሲያዩ ብዙዎቹ ተታለሉ። አጣሪዎቹ ወዲያው ከገጹ ወጥተው ሌሎች ስለሱ ምን ይላሉ ብለው ፈለጉ፣ ባጭር ጊዜም ጨረሱ። «ወደ ጎን ማንበብ» በሉት። ደንቡ ቀላል ነው፦ ምንጩን ካላወቅከው በ30 ሰከንድ ውስጥ ውጣ፣ ስለሱ ፈልግ፣ ከዚያ ተመለስ ወይም ተወው። አብዛኛው ነገር ሊተው የሚገባው ነው፤ ሁሉን ማጣራት ራሱ ጎርፉ ውስጥ መስጠም ነው።

ጠመኔ
ተቀብያለሁ። የተስተካከለው፦ ቅዳሜ 1 የጥሬ_ቁጥር ሦስት ቁጥሮች፣ ስልክ የለም። ቅዳሜ 2 ፖስታው፣ ከዚያ ቴሌግራምና ፌስቡክ። ቅዳሜ 3 የሌንስ ፎቶ፣ 6 ፎቶ በቂ ነው፣ ሁለቱ እውነተኛ ይሁኑ (ሁሉም ሐሰት ከሆነ ግምት ይሆናል)። 4 ያለ ኔትወርክ። 5 እና 6 አንቀጽ 39 እና 105። 7 ልጆቹ የመረጡት። 8 ፖስታው ይከፈታል። መልሶ መድገሙ ከ1 ጀምሮ ሁልጊዜ አለ። በየሦስቱ 200 ሜጋ ከክበቡ መዋጮ።

ነጋሪት
የአንቀጽ 39ን ፎቶ ኮፒ ስታስነሳ ሁለቱንም ዓምድ አስነሳ፣ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም። አንዱ ተነስቶ «በእንግሊዝኛው እንዲህ ነው የሚለው» ማለቱ አይቀርም። ያኔ አንቀጽ 106ን አሳየው፦ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። እሱ አንድ መስመር ስለሆነ ከ105 ጋር አንድ ገጽ ላይ ይገባልሃል።